ለደንበኞቻችን፦ ስለ አዲሱ የኩኪ ባነር እና «አልቀበልም» ስለሚለው ቁልፍ

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ዌብሳይታችሁን ስትከፍቱ ከታች በኩል አዲስ ነገር ታያላችሁ። የኩኪ ፈቃድ መጠየቂያ ባነር ነው። ቀለሙን፣ ጽሑፉን፣ ቋንቋውንና የሚቀመጥበትን ቦታ ከአድሚን ገጻችሁ ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ገና ከአሁኑ «ይሄ ነገር እንግዳ ያባርርብናል» ብላችሁ ደውላችኋል። ስለዚህ ምን እንደሠራን፣ ለምንስ እንደሠራን በደንብ እንንገራችሁ።

ኩኪ ማለት ዌብሳይቱ በጎብኚው ብራውዘር ላይ የሚያስቀምጣት አጭር ማስታወሻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ በሚባለው የብራውዘር ሠሪ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው ያመጣት። ያኔ የተፈለገችው ገዢው የመረጠው ዕቃ ገጽ በቀየረ ቁጥር እንዳይጠፋበት ነበር። እንዲህ ያለችው ኩኪ ዛሬም ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ቋንቋ የምታስታውሰውም፣ የገባ ሰው እንደገባ የምታቆየውም እንዲሁ። ፈቃድ የሚጠየቀው ለሌሎቹ ነው፤ ጎብኚ ለሚቆጥሩት፣ ሰውን ከገጽ ገጽ እየተከተሉ ማስታወቂያ ለሚያሳዩት።

በቅርቡ የአንድ አስጎብኚ ደንበኛችንን ገጽ ምንም ታሪክ በሌለው ብራውዘር ከፈትነው። ምንም አልነካንም። የኤርታሌው ፎቶ ገና ሳይመጣ የማስታወቂያው ፒክስል (ጎብኚውን የሚከታተል ትንሽ ኮድ)፣ የጎብኚ ቆጣሪውና የቪዲዮው ኩኪዎች ገብተው ቁጭ ብለዋል። ገጹ ላይ ግን «ኩኪ እንጠቀማለን፤ እሺ» የሚል ባነር ነበረ፤ ድሮ እኛው የለጠፍነው። ጎብኚው እሺ አለም አላለም የሚቀየር ነገር አልነበረም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በአዲሱ ባነር ነገሩ ተገልብጧል። የቆጣሪውም የማስታወቂያውም ኮድ ገጹ ላይ አለ፣ ግን ጎብኚው እስኪፈቅድ ድረስ ተኝቶ ይጠብቃል። ቆጣሪውን ብቻ ከፈቀደ ቆጣሪው ብቻ ይነሳል። ቪዲዮው ባለበት ቦታ መጀመሪያ ፎቶ ብቻ ይታያል፣ ሰውየው ሲጫነው ነው የሚመጣው። አንድ ደስ ያለን ነገር፦ ያ ሁሉ ኮድ ሳይጫን ስለሚከፈት ገጹ በሞባይል ዳታ ፈጠን ይላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ «እኛ አዲስ አበባ ነን፣ የአውሮፓ ሕግ ምን አገናኘን?» ለምትሉ፣ ያገናኛችኋል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ህብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ፣ ጂዲፒአር የሚባለው፣ ቢሮው የትም ይሁን የት አውሮፓ ውስጥ ላለ ሰው አገልግሎት የሚያቀርበውን ድርጅት ሁሉ ይመለከታል። ጉዞውን በጀርመንኛ ጽፋችሁ ዋጋውን በዩሮ ካስቀመጣችሁ አውሮፓ ላለ ሰው እያቀረባችሁ ነው። የህብረቱ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ፈቃድ እንዳልሆነ ወስኗል። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሚከታተለውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻ አይደለም።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደጠየቃችሁን እንምጣ፦ «እቀበላለሁ» የሚለውን በደማቅ ቀለም አድርጉልን፣ «አልቀበልም»ን ደግሞ አደብዝዙት ወይም ውስጥ ደብቁት። ይህን አናደርግም። የቀረውን ሁሉ መቀየር ትችላላችሁ፣ የሁለቱ ቁልፎች ቀለም፣ መጠንና ቦታ ግን እኩል ሆኖ ተቆልፏል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የፈረንሳይ የዳታ ተቆጣጣሪ ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታውቋል። ምክንያቱም ለመቀበል አንድ ጠቅታ ሲበቃ እምቢ ለማለት ግን ብዙ መንገድ ያስኬዱ ስለነበር ነው። ቅጣቱን ተዉትና፣ ሱቃችሁ የመጣ እንግዳ «አይ፣ ይቅርብኝ» ሲላችሁ በሩን አትዘጉበትም አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው።

በአማርኛው ብዙ ደክመናል። መጀመሪያ «ተቀበል» ብለን ጻፍን፣ ለሴት አይሆንም፣ ለትልቅ ሰውም አይሆንም። «ይቀበሉ» ስንለው ደግሞ የሚያዝ መሰለ። በመጨረሻ ጎብኚው ራሱ የሚናገረው አደረግነው፦ «እቀበላለሁ»፣ «አልቀበልም»፣ «ልምረጥ»። ቃላቱ ረዘም ስላሉ በትንሽ ስልክ ላይ ስንሞክረው «አልቀበልም» ተቆርጦ «አልቀ» ብቻ ይታይ ነበር። ስለዚህ በጠባብ ስክሪን ቁልፎቹ አንዱ በአንዱ ላይ እንዲደረደሩ አደረግን። ጽሑፉን ስትቀይሩ እባካችሁ ከኮምፒውተር ሌላ በስልክም ክፈቱት።

ከገጹ ግርጌ «የኩኪ ምርጫ» የሚል ሊንክ አለ፤ ሐሳቡን የቀየረ ሰው እዚያ ገብቶ የፈቀደውን ያነሳል። ምርጫው 6 ወር ይቆያል፣ ከዚያ ባነሩ እንደገና ይጠይቃል። ማን እንደመረጠ አንመዘግብም፤ የተመረጠው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነና በየትኛው ጽሑፍ ላይ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያዘው።

ጎብኚ ቆጣሪያችሁ ላይ ቁጥሩ እንደሚቀንስ ከአሁኑ እንንገራችሁ። አትደንግጡ፤ ያልፈቀደ ሰው አይቆጠርም እንጂ ገጻችሁን አይቶታል። የጉዞ ጥያቄና ቦታ ማስያዣ ቅጾቹ እንደወትሮው ይሠራሉ።

ከእናንተ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። እኛ ሳናውቅ በራሳችሁ ወይም በማስታወቂያ ሠራተኛችሁ በኩል ገጹ ላይ የተጨመረ ፒክስል፣ የቻት ሣጥን ወይም የካርታ ኮድ ካለ እስከ ወሩ መጨረሻ ንገሩን። እኛ የማናውቀውን ኮድ ባነሩም አያውቀውም፣ ስለዚህ አያስቆመውም። ስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ብትልኩልን ይበቃል፤ ቀሪውን እኛ እንጨርሳለን።

የዌብሳይታችሁ ባልደረቦች