«ገጠር ወጣ ብለህ ነበር?» — ደብዳቤ ለልጄ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። የላክሽልኝን የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በአዲስ አበባ የልጆቻቸው የክትባት ቀን በስልክ መልእክት የተነገራቸው እናቶች ካልተነገራቸው ይልቅ በቀጠሯቸው እንደሚገኙ በሚገባ አሳይተሻል፤ በስሌቱም የምነቅፈው አላገኘሁም። ያቆመኝ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው «ስለዚህ ዘዴው በሀገሪቱ ከተሞች ሁሉ ውጤታማ ይሆናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው። በዚያ «ስለዚህ» ውስጥ ምን ያህል ያልተጻፈ ነገር እንዳለ እንድታዪ፣ እኔው የተሳሳትሁበትን ልንገርሽ።

በላቦራቶሪ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ትኩሳት ይዞት ለመጣ የከተማ ሰው አስቀድመን የምናቀርበው ጥያቄ «ሰሞኑን ገጠር ወጣ ብለህ ነበር?» የሚል ነበር። አልወጣሁም ካለ፣ በተለይም ዝናብ ከሌለ፣ ወባን ወደ ጎን ትተን ታይፎይድ ፍለጋ እንሄዳለን። ጥያቄውን ያገኘነው ከተማርንባቸው መጻሕፍት ነው፤ መጻሕፍቱም አልዋሹም። በሀገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌሊስ አረቢየንሲስ በአብዛኛው ዝናብ ጥሎ ባቆረው ውሃ ትራባለች፤ የቁጥጥሩ ሥራም በእሷ ጠባይ ላይ ተመሥርቶ የታቀደ ነው። «ትንኟ ይህችው እስከሆነች ድረስ» የሚለውን ግን ማንም አልጻፈውም፤ ሌላ ትንኝ ባልነበረበት ዘመን መጻፉ ትርፍ ቃል ይመስል ነበር።

ከእስያ የመጣችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘች። እሷ ዝናብ አትጠብቅም፤ በሮቶና በበርሜል በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማችን በርሜል የሌለበት ግቢ የት አለ? ሰው ውሃ የሚያጠራቅመውም ይበልጡን ዝናብ ሲጠፋ ነው፤ እኛ የወባ ጠላት ያልነው ድርቀት ለዚህችኛዋ ትንኝ ወዳጅ ሆነ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2022) እዚሁ ድሬዳዋ ባልተለመደ ወቅት ወባ ሲበረታ፣ ተመራማሪዎች ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባካሄዱት ጥናት ትንኟ በታማሚዎች ቤት አካባቢ እንደምትገኝና የወባን ተውሳክ እንደምትሸከም አረጋገጡ። በዚያን ሰሞን ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ወጣት «ወባ አይደለም» ብዬ ሸኝቼው፣ በአራተኛው ቀን ተደግፎ ተመለሰ። የደሙን ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሳየው ተውሳኩ ሞልቶበታል። ያን ቀን የተሰማኝን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚህ የባሰም አለ። ያኔ የምንጠቀምበት ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ተውሳክ መስመር የሚያወጣው፣ ተውሳኩ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ሲያገኝ ነበር፤ በዚያ ወረርሽኝ ከተገኙት ተውሳኮች መካከል ግን ፕሮቲኑን የሚሠራው ዘረመል የጎደላቸው ነበሩ። መሣሪያው የሚለው «ፕሮቲኑን አላገኘሁም» ብቻ ነው፤ «ወባ የለም» ብለን የተረጎምነው እኛ ነን። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በጥቂት ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ደፊ የተባለው ምልክት የሌለባቸውን ሰዎች ቫይቫክስ የተባለው ወባ እንደማይዛቸው አሳይቶ ነበር። ለዓመታት እንደ ሕግ ከተወሰደ በኋላ፣ በማዳጋስካርም በሀገራችንም ምልክቱ ሳይኖራቸው የታመሙ ሰዎች ተገኙ።

አሁን በጥናትሽ ወዳሉት እናቶች ልመለስ። በሁለት ከተሞች መካከል ያለ ልዩነት ሁሉ ጥናትሽን ያፈርሳል አላልሁም፤ እንዲያማ ቢሆን አንድም ጥናት ከተሠራበት ግቢ ባልወጣ ነበር። መልእክቱ ሥራውን የሚሠራበትን መንገድ ግን ደረጃ በደረጃ ተከተዪው። የላክሽው በአማርኛ ነው፤ እዚህ በአንድ የክትባት ወረፋ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ይሰማል። ካርዱ ላይ የተመዘገበው ቁጥር የእናቲቱ ነው ወይስ ከቤት ርቆ የሚውለው የባሏ? ስልክ የሌላቸውን እናቶች ከጥናቱ ማውጣትሽን የጠቀስሽው በአንዲት መስመር ብቻ ነው። እኔ ብሆን ያችን መስመር ከነቁጥሯ ወደ መደምደሚያው አመጣት ነበር።

ከሁሉም ሥር የተቀመጠው ግን እናቶች ከቀጠሮ የሚቀሩት ረስተው ነው የሚለው ግምት ይመስለኛል። በአዲስ አበባ ውጤትሽ ይህን ይደግፍ ይሆናል። በመጋላ ገበያ ከንጋት ጀምሮ መደብ ላይ ተቀምጣ የምትቸረችር እናት ግን ቀኑን አልረሳችም፤ መደቡን የሚጠብቅላት ሰው አጥታ ነው የቀረችው። ከቀሩት እናቶች ለምን እንደቀረች የጠየቅሻት አለች? መልስሽን እጠብቃለሁ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። የሮቶው ክዳን ተሰብሮ ነበር፤ ትናንት አስቀየርሁት።

አባትሽ