አባባ፣ የላኩልኝን ጽሑፍ አነበብኩት

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ግፊትዎ እንዴት ነው? እርስዎ ጨው ትቻለሁ ይሉኛል፣ ቤት ያሉት ሌላ ይነግሩኛል። ማንን ልመን?

የጻፉት የሕይወት ታሪክ በቴሌግራም ደርሶኛል። «ቶሎ ተይቢልኝ» ብለዋል። ለምን ቶሎ? እኛ አገር የሰው የሕይወት ታሪክ የት ቆሞ እንደሚነበብ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ሐኪሙ ምን አለዎት? እትዬን ስጠይቃት «ደህና ናቸው» ትላለች፤ እርስዎን ስጠይቅ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል።

ልጄ ደህና ነው። ከትምህርት ቤት አናፖሊስ ወስደዋቸው የሜሪላንድን ምክር ቤት አይቶ መጣ። እዚያ ዓመታዊ ጉባኤው ከጥር መጀመሪያ አንስቶ 90 ቀን ነው፣ ከዚያ ጠበቃውም አስተማሪውም ወደየሥራው ይመለሳል። «አባባም እንደዚህ ነበሩ?» አለኝ። አዎ፣ ጉባኤ ሲኖር ባሕር ዳር፣ ሳይኖር ደብረ ማርቆስ ችሎት፣ አልኩት። ከዚያማ ጥያቄው አላባራ አለ፤ ካባ ይለብሱ ነበር ወይ፣ ሌባ ያስፈቱ ነበር ወይ። ሌባውን እርስዎ ይመልሱለት።

ጽሑፉ መቼም የጠበቃ ጽሑፍ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ለሰው ማመልከቻ ከመጻፍ ተነስተው፣ ማታ ተምረው፣ የጥብቅና ፈቃድ እስኪያወጡ ያለውን ሁለቴ አነበብኩት። በ1992 ተመርጠው ክልል ምክር ቤት የገቡበትን ግን ቶሎ አለፉት። የቤተሰብ ሕጉ ላይ ሲደርሱ ነው ብዕርዎ የተፈታው። የፌዴራሉ ሕግ በ1992 ሲወጣ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ስለነበር ክልሉ የራሱን ማውጣት እንደነበረበት፣ በ1995 እንደጸደቀ፣ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 እንደሆነ። «እጄን ያወጣሁት በኩራት ነው» ይላሉ። እኔም ኮርቻለሁ፤ በእኛ አካባቢ ያንን ሕግ ማውጣት ቀልድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በልጅነታቸው ለተዳሩ ሴቶች ልጆች በነፃ እንደቆሙላቸውም ጽፈዋል።

ከዚያ በፊት ባለው ገጽ ደግሞ «በ1983 የመጀመሪያ ልጄን ዳርኩ» የምትል መስመር አለች። አለቀ። ቀጥሎ ስለ ቢሮ ኪራይ ነው።

አባባ፣ እትዬ ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር?

እኔ ልጅ ብሆንም አልረሳሁትም። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስታለቅስ እርስዎ ከመደርደሪያው የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ አውርደው ቁጥር 581ን አነበቡላት። ወንድ 18፣ ሴት 15። «ሕጉ ይፈቅዳል» አሉና መጽሐፉን ዘጉት። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ለዚህ ምን ትመልስ? ደግሞ እውነትዎን ነበር፣ ሕጉ ይፈቅድ ነበር። የሚያበግነኝም እሱ ነው። ሕግ ጥሰው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ የሚበርድልኝ ይመስለኛል።

ጊዜው ክፉ ነበር፣ ጦርነቱ ደጃችን ደርሶ ነበር፣ ሴት ልጅ ቤት ማስቀመጥ ያስፈራ ነበር ይሉኝ ይሆናል። ይሁን። ግን እኔን በሰላሙ ጊዜ እስከ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እሷን «ተመልሰሽ ትማሪያለሽ ወይ» ብሎ የጠየቃት የለም። የሰው ልጆች ጋብቻ ለማፍረስ ችሎት ሲቆሙ እሷን አላሰቧትም? አንድ ቀን እንኳ? አሁን ኪኒንዎን በሰዓቱ የምታቀርብልዎት እሷ ናት። እሷ ምንም አትልም፣ ስለዚህ እኔ አልኩ።

ሌላውን ሁሉ ተይቤ ጨርሻለሁ፣ ያንን ገጽ ግን ትቼዋለሁ። የእትዬን ነገር ከእሷ ጋር ተቀምጠው ያውሩና እንደገና ይጻፉት። አንድ መስመር አይበቃም። አልጽፍም ካሉም ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይንገሯት።

በዚህ ተቆጥተው ስልክ እንዳይዘጉብኝ ብቻ።

ለምርመራው ባሕር ዳር መሄዱን አያዘግዩት። ብሩን በእትዬ አካውንት አስገብቻለሁ፣ ከቤት ኪራዩ ጋር እንዳታደባልቁት። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳታጣሩ አትውጡ፣ ብቻዎንም አይሂዱ። የሐኪሙን ወረቀት እንዳለ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ እዚህ የማሳየው ሰው አለኝ።

ልጅዎ