የተርጓሚን ሌሊት የሚበላው የዋጋ ስሌቱ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቤታቸው ሆነው በግላቸው ለሚሠሩ ባለሙያዎች የሚሰጠው ምክር ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ በጠዋት ተነሱ፣ ስልክ ዝጉ፣ ዕቅድ አውጡ። ምክሩ ክፉ አይደለም። በትርጉም ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምናየው ችግር ግን ከዚያ ይቀድማል። ተርጓሚው ዋጋ የተናገረ ዕለት የወሩ ውሎ አብሮ ይወሰናል፤ ዋጋው ከተበላሸ የቱንም ያህል ማልዶ ቢነሳ ሌሊት መሥራቱ አይቀርም። በቁጥር ላሳይ።

ጀማሪ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሰላል፤ በወር 45,000 ብር ይበቃኛል፣ በቀን 3,000 ቃል፣ በወር 26 ቀን እሠራለሁ። 78,000 ቃል ይሆናል፤ ስለዚህ ለአንድ ቃል 58 ሳንቲም። እዚህ ስሌት ውስጥ ያልገባው ብዙ ነው። በ90,000 ብር የተገዛ ላፕቶፕ ሦስት ዓመት ቢያገለግል በወር 2,500 ብር ይበላል። ኢንተርኔቱ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያስፈልገው ባትሪና የሞባይል ዳታ፣ ትራንስፖርቱ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ክፍያ ሲደመርበት የወሩ ወጪ 10,000 ደረሰ እንበል። ለግብር 15,000 ለብቻ ይቀመጥ። ከ45,000ው ጋር ድምሩ 70,000 ሆነ። ቀኑም 26 አይደለም። ከ22 የሥራ ቀናት አራቱ ዋጋ በማቅረብ፣ ክፍያ በመከታተልና በጽሕፈት ሥራ፣ ሁለቱ በበዓል፣ በለቅሶ ወይም በሕመም ያልፋሉ። የሚቀረው 16 ነው። ታርሞ ለደንበኛ የሚሰጥ 2,000 ቃል በቀን ደህና ውጤት ስለሆነ ወሩ 32,000 ቃል ይሰጣል፤ ለአንድ ቃል 2 ብር ከ19 ሳንቲም ማለት ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ያስገባ። በ58 ሳንቲም የተስማማ ሰው ግን ያንኑ 70,000 ለማግኘት አራት እጥፍ ገደማ መተርጎም አለበት። የሚሰርቀው ከእንቅልፉ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ከእርማቱ።

መለኪያውም ያታልላል። «በገጽ» መስማማት የተለመደ ቢሆንም ገጽ ቋሚ መጠን የለውም፤ በ12 ነጥብ ፊደልና በሰፊ የመስመር ክፍተት 250 ቃል ገደማ የሚይዘው ወረቀት፣ ክፍተቱ ሲጠብ 500 ይይዛል። በቃል ሲሆን ደግሞ የሚቆጠረው የመነሻው ጽሑፍ ይሁን። በእንግሊዝኛ አምስት ቃል የሚፈጀው «አልነገርኳቸውም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው። የ1,000 ቃል እንግሊዝኛ በአማርኛ 700 አካባቢ ሊወርድ ስለሚችል፣ በተተረጎመው የሚያስከፍል ሰው ከክፍያው ሲሦ የሚጠጋውን ሳያውቅ ይተወዋል።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የቃሉ ብዛት፣ ዋጋው፣ የማስረከቢያው ቀንና ሰዓት፣ ከመጀመሩ በፊት የሚከፈል ግማሽ ቀብድ፣ በዋጋው ውስጥ የተካተተ አንድ ዙር እርማትና እርማቱ የሚቀርብበት የ10 ቀን ገደብ። አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ፈጽሞ አይቅር፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ የመነሻው ጽሑፍ ከተለወጠ የተለወጠው ክፍል እንደ አዲስ ይታሰባል። ረቂቅ ልኮ በሦስተኛው ቀን «የመጨረሻው ይኸኛው ነው» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። በማሽን ተተርጉሞ «እርማት ብቻ ነው» ተብሎ የሚመጣ ሥራ ሲያጋጥም ዋጋ ከመናገር በፊት ከመሃሉ 300 ቃል አውጥቶ በሰዓት ለክቶ ማረም ይጠቅማል። እንደ አዲስ ከመተርጎም እኩል ጊዜ ከወሰደ ዋጋውም እኩል ይሁን።

ሰዓት ስል፣ ከአሜሪካ ለሚመጣ ሥራ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ስለሚጠቅም ከዚያ የሚመጣ ሥራ አለ። የእነሱ ጠዋት 3 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት) በበጋቸው የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ነው። ይህን ያላሰበ ተርጓሚ ሙሉ ቀን እያለው ሌሊቱን ያነጋል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን «በአዲስ አበባ» ብሎ መጻፍ ነው።

የቀኑ አከፋፈል ቀላል ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል አዲስ ትርጉም፣ በሰዓት 500 ቃል ያህል። ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል የትናንቱን ማረም፤ ዛሬ የተጻፈን ዛሬ ሲያርሙት ዓይን ስህተቱን ይዘለዋል። ቃላት በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይያዙ፤ የእንግሊዝኛው፣ የተመረጠው አማርኛ፣ የደንበኛው ስም። እዚያው የፊደሉ አጻጻፍ ይወሰን። ግማሹ «ሕግ» ግማሹ «ህግ» ተብሎ የተጻፈ ሰነድ ላይ ቃል ፈልጎ መተካት ግማሹን ሳይነካ ያልፋል፤ ጥፋቱ የሚታየው ከታተመ በኋላ ነው። ጽሑፉ ሁልጊዜ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ይሁን፤ በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆናል።

የቤተሰቡ ነገርም አለ። «ቤት ነህ አይደል?» የሚለው ስልክ ክፋት የለውም፤ ግን ቧንቧ ሠሪ መቀበልና ወረዳ መሄድ ቤት ባለው ሰው ላይ ይወድቃል። የጠዋቱን አራት የሥራ ሰዓታት በግልጽ አስታውቆ፣ ባንክና ወረዳን ለአንድ ከሰዓት መሰብሰብ ከኩርፊያ ያድናል።

በመጨረሻ ለአሠሪ ድርጅቶች የምንለው አለ። ከክፍያው ላይ የቀነሳችሁትን ቅድመ ግብር (ዊዝሆልዲንግ) የሚያሳየውን ደረሰኝ ከክፍያው ጋር በዚያው ዕለት ስጡ። ተርጓሚው ዓመታዊ ግብሩን ሲያሳውቅ ያ ወረቀት በእጁ ከሌለ የተቀነሰበትን ማስቆጠር ስለማይችል ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ለግዢ ክፍል፣ ለፋይናንስና ለመዝገብ ቤት ሲመላለስ የሥራ ቀናቱ ያልቃሉ። ቀሪውን ክፍያም ሥራውን በተረከባችሁ በ15 ቀን ውስጥ ፈጽሙ፤ ቀኑንም ውሉ ላይ አስፍሩት።

ከአክብሮት ጋር
በግል የሚሠሩ ተርጓሚዎች፣ አዲስ አበባ