ባክቴሪያ የሚበላውን ባክቴሪያው ራሱ ይንገረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በዱባይ፣ በጅዳም ሆነ በአሽቀሎን ያሉ ወገኖቻችን ከቧንቧ ከሚቀዱት ውኃ ብዙው ጨዉ የተለየ የባሕር ውኃ ነው። የሚወራው ስለ ጨዉ ነው፤ ፋብሪካዎቹን የሚፈትነው ግን በውኃው የሟሟው ኦርጋኒክ ቁስም ጭምር ነው። ባክቴሪያ እሱን እየበላ በማጣሪያው ሜምብሬን ላይ ይራባል፤ ሲነኩት የሚያሟልጭ ንፍጥ መሰል ሽፋን ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል፣ የሚወጣው ውኃ ይቀንሳል። በ2008 እና 2009 እ.ኤ.አ. በባሕረ ሰላጤውና በኦማን ባሕር ለወራት የቆየው ቀይ ማዕበል፣ ማለትም የአልጌ መንጋ፣ ጣቢያዎችን እስከ ማዘጋት ደርሷል።

ይህን ቁስ ለመለካት በቆሻሻ ውኃ የለመድነው የዳይክሮሜት ምርመራ፣ ማለትም ኦርጋኒኩን በኬሚካል አቃጥሎ የሚለካው፣ እዚህ ያሳስታል። በሊትር 19 ግራም ያህል የሆነው ክሎራይድ ከዳይክሮሜቱ ጋር ይዋሃድና እንደ ኦርጋኒክ ይቆጠራል። ባክቴሪያ ቁሱን ሲበላ የሚጠቀመውን ኦክስጅን የሚለካው ምርመራ 5 ቀን ይፈጃል፤ ያኔ ውኃው ሜምብሬኑን አልፎ ሄዷል። የጠቅላላ ካርቦን መለኪያ ይፈጥናል፣ ግን ባክቴሪያ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም።

ስለዚህ ፍርዱን ለባክቴሪያው መስጠት ነው፤ ሲበላ የሚለቀው ኤሌክትሮን የኤሌክትሪክ ፍሰት (ከረንት) ይሆናል፣ ምግቡ ሲበዛም ከረንቱ ይጨምራል። ከባሕር ደለል የተገኘ ባክቴሪያ በካርቦን ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሮኑን በሚቀበለው አካል) ላይ እንዲለምድ ይደረጋል፤ ኤሌክትሮዱ በቋሚ ቮልቴጅ ይያዛል፤ አሴቴት (የኮምጣጤ አሲድ ጨው) የተጨመረበት የባሕር ውኃ ከረንቱ እስኪረጋ ድረስ ለሳምንታት ይፈስበታል። ባክቴሪያው ከአንድ የአሴቴት ሞለኪውል 8 ኤሌክትሮን ለኤሌክትሮዱ ያስረክባል። በሊትር 10 ማይክሮሞል አሴቴት ያለው ውኃ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ቢፈስና ሁሉም ቢበላ፣ ከረንቱ 0.13 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ቁጥር በቀላሉ ይረበሻል።

ዋናው ረባሽ ኦክስጅን ነው። ባክቴሪያው ኤሌክትሮኑን ለኤሌክትሮዱ ትቶ ለኦክስጅን ይሰጥና ንባቡ ያንሳል፤ ውኃው አስቀድሞ በናይትሮጅን መነፋት አለበት። ክሎሪን የገባበት ውኃ ደግሞ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል፤ ክሎሪንን በሚያከሽፈው ቲዮሰልፌት ይመከት፣ ግን ጠብ ጠብ እያለ፣ ምክንያቱም የተረፈው ቲዮሰልፌት ራሱ ለአንዳንድ ባክቴሪያ ምግብ ይሆናል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ ከባሕሩ ሰልፌት ሰልፋይድ ተፈጥሯል፤ ሰልፋይድ ያለ ባክቴሪያም ከረንት ስለሚሰጥ፣ አጠገቡ ባክቴሪያ የሌለበት ባዶ ኤሌክትሮድ ተቀምጦ ይነጻጸር። የሙቀቱና የፍሰቱ መጠን ከተለዋወጠም ንባቡ አይታመንም።

ይበልጥ የሚያሳስበን ረሃቡ ነው። ባሕሩ ጠርቶ ሲሰነብት ባክቴሪያው ይደክማል፤ በኋላ ምግብ ቢመጣም ንባቡ ዝቅ እንዳለ ይቀራል፤ ባለሙያውም ውኃው ንጹሕ ይመስለዋል። በየሳምንቱ መጠኑ የታወቀ አሴቴት ይሰጠው፤ ከረንቱ እንደ ቀድሞው ካልወጣ፣ ከባሕሩ በፊት መሣሪያው ይመርመር።

ከአክብሮት ጋር፣
የውኃ ኬሚስትሪ ባለሙያዎች