አሮጌ የካምፕ መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አልጋና ምድጃ ስለተገጠመላቸው አሮጌ ሚኒባሶች ሲወራ ባለቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው ተደርገው ይሳላሉ። ልክ አይደለም። ከእነዚህ መኪኖች ታዋቂው የቮልስዋገን ሚኒባስ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ በብዙዎቹ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ጀርመን ውስጥ ተጀመረ፣ ብራዚል ውስጥ ደግሞ እስከ 2013 ቀጠለ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ዓይነት ሰው ብቻ አልነዳውም።

አንዱ ባለቤት ቡሎኑ ሳይቀር ኦሪጅናል ካልሆነ አያስገጥምም። ዝናብ ካለ መኪናዋን አያወጣትም። አልወቅሰውም፣ ግን ለመንገድ የተሠራች መኪና ተሸፍና ስትከርም ያሳዝነኛል። ለፎቶ ገዝቶ በዓመቱ የሚሸጠውን ልለፈው።

ልቤ ያለው እጁ በግሪስ ከጠቆረው ጋር ነው። ቀስ ብላ ብትሄድም ግድ የለውም። ከጉዞ በፊት ጎንበስ ብሎ የነዳጅ ጎማዋን በጣቱ አጠፍ ያደርጋል፣ ስንጥቅ ካየ ሳያመነታ ይቀይረዋል፣ ምክንያቱም ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ከተንጠባጠበ መኪናዋ በእሳት ልትያያዝ ትችላለች። የመስኮቱን ላስቲክ ገለጥ አድርጎም ዝገት ይፈልጋል፤ ውሃ እዚያ ተደብቆ ነው ብረቱን የሚበላው።

የቤት ኪራይ አቅቷቸው ውስጧ የሚኖሩም አሉ። እነሱን «ነጻ ኑሮ የመረጡ» እያሉ ማቆለጳጰስ ያናድደኛል። ብዙዎቹ መርጠው አልገቡበትም። ስለ እነሱ ስትጽፉ እባካችሁ ማታ የት እንደሚያቆሙ፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዱም ጠይቋቸው።

አንባቢያችሁ