አጭዶ መተው መንገድ ዳር ማጽዳት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር፣ ከዚያም ቁልቁል እስከ ደብረ ሲና ባለው መንገድ ዳር ሣሩ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከላዩ ቢጫ ይሆናል። ለእሳት መከላከያ የሚሆን ምንጣሮ ጊዜው ያኔ ነው። ምንጣሮው አልፎ አልፎ ይሠራል፤ የታጨደው ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ተጋድሞ ይቀራል። ይሄ ከነጭራሹ ካለማጨድ ይብሳል። የቆመ ሣር ከሥሩ እርጥበት እየሳበ ሳምንታት ይቆያል፤ የተጋደመው በደጋ ፀሐይና ንፋስ በሁለት ሦስት ቀን ድርቆሽ ይሆናል። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተከምሮ ሲቀር ደግሞ ከመኪና የተወረወረ የሲጋራ ቁራጭ በቀጥታ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ሌላው ስህተት በሁለቱም ጎን እኩል ስፋት መመንጠር ነው። እሳት ዳገት ሲወጣ ነበልባሉ ወደ ተዳፋቱ ስለሚያጋድል ከፊቱ ያለውን ሣር ሳይደርስበት ያደርቀዋል፤ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከቀትር በኋላ ንፋሱም ከቆላ ወደ ደጋ ሽቅብ ስለሚነፍስ ያግዘዋል። ስለዚህ ከአስፋልቱ ጠርዝ ተነሥቶ ሜዳ ላይ 3 ሜትር የሚበቃ ከሆነ፣ ከመንገዱ በላይ ባለው ዳገት 5 ወይም 6 ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። በገደሉ በኩል 2 ሜትር ይበቃል፤ የተረፈውን ጉልበት ላይኛው ጎን ላይ ማዋል ይሻላል።

ገንዘብና ሰው ካነሰ መጀመር ያለበት መኪና ከሚቆምባቸው ቦታዎች ነው። ከጣርማበር ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑ ሲግልበት ዳር ይዞ ይቆማል፤ የጋለ ጎማና የጋለ ማርሚታ ከደረቅ ሣር ጋር የሚገናኙት እዚያ ነው። ደብረ ሲና ቆሎ የሚቆላበት፣ በቆሎ የሚጠበስበትና ሻይ የሚፈላበት ቦታም እንዲሁ ነው። አመድ ውሃ ካልፈሰሰበት ውስጡ ያለው ፍም እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። እነዚህን ቦታዎች ዙሪያቸውን እስከ 10 ሜትር ማጽዳት መንገዱን ሁሉ ስስ አድርጎ ከመላጨት ይበልጣል።

ማጨድ ሲባል አፈር መላጥ አይደለም። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሥሩ መቅረት አለበት። በተለይ በደብረ ሲና ዙሪያ መሬቱ የሚንሸራተት ስለሆነ፣ በዶማ የተገፈፈ ተዳፋት በቀጣዩ ክረምት ከነድንጋዩ መንገድ ላይ ይወርዳል። ትልልቅ ዛፍ መቁረጥም አያስፈልግም። ጥላ ሲነሣ ፀሐይ ይገባል፣ በዓመቱ ጉልበት የሚደርስ ሣር ይበቅላል። ጥዱን፣ ወደ ወፍ ዋሻ ደን በሚያስገቡት መንገዶች ደግሞ ኮሶውንና ዝግባውን ሳይነኩ የታችኛውን ቅርንጫፍ ብቻ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ማንሣት በቂ ነው። ዋናው ጣጣ ባሕር ዛፍ ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው፤ ነጩ ባሕር ዛፍ ልጡን በረጃጅም ቅራፊ ስለሚጥል፣ ቅራፊው እየነደደ በንፋስ ተወስዶ የተመነጠረውን መስመር ይሻገራል። ከጉቶ የሚያቆጠቁጠው ቡቃያም እሳቱን ከመሬት ወደ ጫፍ የሚያወጣ መሰላል ነው። በመንገድ ዳር 10 ሜትር ውስጥ ቅጠሉና ቅራፊው ተጠርጎ ይነሣ። ቅጠል ለቅመው ለማገዶ የሚሸከሙ ሴቶች ይህን ሥራ ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ እነሱን ከመንገድ ዳር ማባረር የዋህነት ነው።

የማጨጃ ሞተር የሚጠቀሙ ቡድኖች የብረት ምላጩ ድንጋይ ሲመታ እሳት እንደሚተፋ ይወቁ። ድንጋያማ ዳር ላይ የናይለን ክር፣ ቁጥቋጦ ላይ ገጀራ ይሻላል። ሥራው ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ይለቅ። ነዳጅ የሚጨመረው ሞተሩ ቢያንስ 10 ደቂቃ ከበረደ በኋላ፣ ሣር በሌለበት ቦታ ነው። ድንጋይ ስለሚያስፈነጥር ሰው በ15 ሜትር ውስጥ አይቁም። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካንና አካፋ አጠገብ ይኑር፤ ሥራው ካበቃ በኋላም አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ወቅቱ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ሸዋ ሮቢትና ቀወት ቆላ ስለሆኑ ሣሩ ቀድሞ ይደርቃል፤ በጥቅምት መጀመሪያ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደጋ መውጣት፣ ጣርማበርን በኅዳር አጋማሽ መጨረስ ነው። በቆላው ግን ፓርቲኒየም የሚባለው አረም የበዛበትን ሣር ለከብት መስጠት አይገባም። ወተቱን ያመርረዋል፣ ዘሩም በጭነት ይዛመታል፤ እሱ ለብቻው ይወገድ።

ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ የጓሳን ጥብቅ ቦታ ያቋርጣል። እዚያ ጓሳ የሚባለው ሣር ራሱ ሀብት ነው፤ መቼ እንደሚታጨድ የሚወስነው የመንዝ ሕዝብ በራሱ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ከመንገዱ ትከሻ አልፎ መግባት አይፈቀድም። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ እርጥቡም ስለሚነድ ከትከሻው ላይ ይነሣ። ረግረጉ ሲደርቅ እሳት አፈር ውስጥ ገብቶ ላይ ላዩን የጠፋ መስሎ ይቆያልና፣ እዚያ አካባቢ ሣር በእሳት አቃጥሎ ማጽዳት ፈጽሞ መታሰብ የለበትም። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያ ከእስራኤል መምጣት ነበረበት።

የታጨደው ወዴት ይሂድ? ቦይና ቱቦ ውስጥ መግፋት የተለመደ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ቱቦው ይደፈናል፣ ውሃው አስፋልቱን አቋርጦ ትከሻውን ይበላዋል። ሣሩን ቀበሌዎች ለአቅራቢያው አርሶ አደር በክፍል በክፍል ቢመድቡት በራሱ ጉልበት ያነሣዋል። ከማጨድ በፊት ግን ፌስታሉና የሃይላንድ ጠርሙሱ ይለቀም፤ ከድርቆሽ ጋር የገባ ፌስታል ከብት ይገድላል። በገንዘብ በሚሠራበት ቦታ ደግሞ ውሉ «ማጨድ» ብቻ ሳይሆን «ማጨድና ማንሣት» ይበል፤ ርክክቡ ሥራው ካለቀ በሦስተኛው ቀን ይሁን፣ ያልተነሣ ሣር ያለበት ኪሎ ሜትርም አይከፈልበት።

በደን ጥበቃና በመንገድ ጥገና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን