ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፍ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ሞንታርቦ የማከራይና የምጠግን ሰው ነኝ። ሰርግ በሉት፣ ምርቃት በሉት፣ የቀበሌ ስብሰባ በሉት፣ የኔ ገመድ ያልተዘረጋበት አዳራሽ የለም። ሰሞኑን ስለ አዳዲስ የፓንክ ባንዶች፣ ፈጣንና ጯሂ ሮክ ስለሚጫወቱ ልጆች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ ነው። ሌላው ደግሞ እሁድ እሁድ እቃ ቤቴ ውስጥ ለሚለማመዱ አራት ልጆች፣ ጮክ ብዬ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሁለተኛው ንባብ ነው።

ከዜሮ ተነስተው በጥቂት ወር ውስጥ ትልቅ መድረክ ላይ ወጡ ይላል ጽሑፋችሁ። አንብቤ ስጨርስ ድራም የምትመታዋ ልጅ ዱላዎቿን ጭኗ ላይ አጋደመችና "ጋሼ፣ እኛ ይኸው ሦስት ዓመታችን። ምን ጎድሎን ነው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። መልስ አጥቼ አይደለም፤ መልሱ ለልጅ የሚነገር አልመስል ብሎኝ ነው።

ልጆቹን ላስተዋውቃችሁ። አንዱ ባጃጅ ይነዳል። አንዷ ጠዋት ጠዋት ጀበና ቡና ትሸጣለች፤ ድራመሯ እሷ ናት። ሁለቱ ተማሪዎች ናቸው። በኦሮምኛም በአማርኛም ይዘፍናሉ፣ ይልቅ ይጮኻሉ ብል ይቀላል። የቤዝ ጊታር ክር ሲያረጅ ድምፁ ይታፈናል። አዲስ ክር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ ታዲያ ማን ይጠብቃል? አሮጌውን ፈትተው በድስት ይቀቅሉታል። ላቡና እድፉ ይለቃል። አድርቀው መልሰው ሲያስሩት ለጥቂት ቀን እንደ አዲስ ይጮኻል። ድስቱ የባለቤቴ ነው። አንድ ቀን ሽሮ ልትሠራ ብላ ስትከፍተው አራት የብረት ክር እንደ መኮረኒ ተጠቅልሎ ጠበቃት። ያን ቀን እቤቴ የተሰማውን ጩኸት የትኛውም የፓንክ ዘፋኝ አይደርስበትም።

አሁን ስለሌላ ባንድ ላውራችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ዝግጅት ላይ እቃ አከራይቼ ነበር። የአዘጋጁን ስም አልጠራም። የኪራዩን ግማሽ እስከዛሬ ስላልከፈለኝ ስም ብጠራ ብድር ማስመለስ ይመስልብኛል። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። መድረክ መሪው "በጭቃ ቤት ውስጥ፣ በተውሶ ጊታር የጀመሩ!" ብሎ ሲያስተዋውቃቸው ሕዝቡ በጭብጨባ ቤቱን አናወጠው። እኔ መድረኩ ሥር ገመድ እያያያዝኩ ስለነበር ከወንበር ላይ የማይታየው ይታየኛል። የጊታሩ ሳጥን እጀታ ላይ የአየር መንገድ የሻንጣ ወረቀት አልተነሳም። የሦስቱም ጂንስ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ እኩል ቦታ፣ እኩል ስፋት። ችግር እንደዚያ አለካክቶ አይቀድም። የኛ ባጃጅ ነጂ ሱሪ የሚሳሳው መቀመጫው ላይ ነው።

ጊታሪስቱን "ጥሩ እቃ ነው፣ ከየት አገኘኸው?" አልኩት።

"አባዬ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ" አለኝ፣ በቅንነት።

ማናጀሩ ከኋላ መጥቶ ክንዱን ያዝ አደረገው። "ይሄን ነገር አታውራ አላልኩህም?" ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ መድረክ ወጣና አሳምሮ ተጫወተ። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ውሸቱ ጭራሽ አያስፈልገውም ነበር።

እንደ ሰማሁት ፈረንጆቹ እንዲህ ያሉትን ባንዶች ኢንዱስትሪ ፕላንት ይሏቸዋል፤ ኩባንያ ተክሎ ያበቀላቸው ለማለት። በ2021 እ.ኤ.አ. ትራምፕ ስታምፕስ የሚባሉ ሦስት የናሽቪል ሴቶች ቲክቶክ ላይ በዚህ ስም ቁም ስቅላቸውን አይተዋል። ለጅማ ሰው ግን ስድቡ ትንሽ ያስቃል። መተከል ምን ነውር አለው? እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የቻሉ ዛፎችን ለይተው አባዙ። ዛሬ ገበሬው ቁጥራቸውን እንደ ሰው ስም ነው የሚጠራው፤ 74110፣ 74112። 74 ማለት የተመረጡበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። ችግኙ ከችግኝ ጣቢያ መጣ ብሎ የሚያፍር ገበሬ አላየሁም። 74110ን "የጫካ ቡና ነው" ብሎ በጫካ ቡና ዋጋ የሚሸጥ ቢመጣ ግን ስሙ ሌላ ነው።

ፓንክም ቢሆን ከጥንቱ የጫካ ቡና ብቻ አልነበረም። ሴክስ ፒስቶልስ የሚባሉትን ስመ ጥር የእንግሊዝ ፓንኮች ያሰባሰባቸው ለንደን ኪንግስ ሮድ ላይ የልብስ ሱቅ የነበረው ማልኮም ማክላረን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢኤምአይን ከመሰለ ግዙፍ የሸክላ ኩባንያ ጋር ፈርመዋል። ክላሽ የሚባለው ሌላው የለንደን ባንድ በ1977 መጀመሪያ ላይ ሲቢኤስ ከሚባል ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ጋር በ100 ሺህ ፓውንድ ሲዋዋል፣ በቃ ፓንክ ዛሬ ሞተ ተብሎ ተለቅሶለታል። የክላሽ ዘፋኝ ጆ ስትረመር የዲፕሎማት ልጅ ነው። አንካራ ተወልዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ። ክላሽ በተዋዋለበት ወር የማንቸስተሩ ባንድ በዝኮክስ ልጆች 500 ፓውንድ ተበድረው ሸክላቸውን በራሳቸው አሳተሙ። ሁሉም በራሳቸው ሠሩት እያለ የሚያነሳቸው እነሱን ነው። ያበደሯቸው እነማን ናቸው? ጓደኞቻቸውና ቤተሰቦቻቸው። ማለቴ፣ አበዳሪ ቤተሰብ ማለትም አንድ ነገር ነው።

ከጋራዥ ተነሳን የሚሉትም ይገርሙኛል። እኛ ጋ ጋራዥ መኪና የሚታከምበት፣ ዘይት የሚፈስበት ቦታ ነው። እነሱ የሚሉት የመኖሪያ ቤታቸውን ጋራዥ ነው። ጋራዥ ያለው ቤት ደግሞ፣ መቼም፣ መኪና አለው።

ይህን ሁሉ የማወራው ሀብታም ልጅ አይዝፈን ለማለት አይደለም። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። ቤተሰባቸው አቅም ነበረው። ኢንጂነር ይሁን ብሎ ዌልስ ድረስ ልኮ አስተማራቸው። ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ሙዚቃ ተማሩ። ይህን ደብቀው አያውቁም፤ በየቃለ መጠይቁ ራሳቸው ያወሩታል። ያንን ሰምቶ የሙዚቃቸው ጣዕም የቀነሰበት ሰው አላጋጠመኝም። አምሃ እሸቴም ሙዚቃ ቤት የነበረው ነጋዴ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ የመጣው ይምጣ ብሎ ማሳተም ጀመረ። ያን ጊዜ ቃሉ ኖሮ ቢሆን እኔ ፓንክ የምለው እሱን ነበር።

ሊንዳ ሊንዳስ የሚባሉትን የሎስ አንጀለስ የፓንክ ባንድ ልጆችም እወዳቸዋለሁ። በ2021 ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲጫወቱ የተቀረጸው ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ። ወዲያው እነዚህም የተተከሉ ናቸው የሚል ተነሳ፤ የሁለቱ እህትማማቾች አባት ግራሚ ያገኘ ፕሮዲውሰር ነውና። አባትየው ግን የተደበቀ ሰው አልነበረም። እኔ ልጆቼን ቁጭ አድርጌ ቪዲዮውን ሳሳያቸው አብሬ ነገርኳቸው፤ የእህትማማቾቹ አባት ስቱዲዮ የሚያውቅ ሰው ነው አልኳቸው። ድራመሯ ሳቀችና "እንዲህ ከሆነማ እሺ፣ የኔ አባት የሚያውቀው በሬ ነው" አለች። ከዚያ ተነስታ ድራሟን መታች። ያን ቀን ምን ጎደለን የሚል ጥያቄ አልመጣም። የጎደለው ምን እንደሆነ ታውቋላ።

የእናንተ ጽሑፍ ላይ ግን ያ ነገር የለም። ባንዱ ስንት ተከታይ እንዳለው አለ። ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያደርጉ አለ። ስቱዲዮውን ማን እንደከፈለ የለም። ያን ሁሉ ጊዜ ሲለማመዱ የቤት ኪራያቸውን ማን እንደሸፈነ የለም። መድረኩን ያገኙት ተወዳድረው ይሁን ወይስ ሰው ኖሯቸው፣ እሱም የለም። ጋዜጠኛው ስንፍና ይዞት ነው አልልም። ኩባንያው የላከለትን ወረቀት ገልብጦ ነው እላለሁ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቃል። ሸላሚው ይነሳል፣ ብሩን አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ቤቱ ሁሉ ያያል። አዝማሪው ደግሞ ስሙን ጠርቶ፣ አንዳንዴም ቅኔ ቀላቅሎ ሸንቆጥ አድርጎት፣ ያመሰግነዋል። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ የማይታወቅበት ጊዜ የለም። ዘፈኑ ደስ ካለን ደስ ይለናል፣ ካላለን የብሩ ብዛት አያድነውም። እናንተም ስለ ባንድ ስትጽፉ እንደዚያ ብታደርጉልን ምናለ? አንድ አረፍተ ነገር ትበቃለች። "የሊድ ጊታሪስቱ አባት ስቱዲዮ አለው" ብላችሁ ወደ ሙዚቃው እለፉ።

ከሰላሳ ዓመት በላይ በአምፕሊፋየር ውስጥ አጎንብሼ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተቃጠለ ፊውዝ ስታገኝ ቀይረህ አትሄድም። ምን እንዳቃጠለው ታያለህ። እንደዚያ ሳታደርግ ከቀየርክ ማታ ሰርጉ መሀል ላይ ይደወልልሃል።

ቀጣዩን ጽሑፋችሁንም እሁድ ከልምምድ በፊት አነብላቸዋለሁ። ልጆቹ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ናቸው፤ መብራት ካለ። የቤዙ ክር ግን እንደገና ታፍኗል፣ ድስቱን ደግሞ ባለቤቴ ቆልፋበታለች።

ከአክብሮት ጋር፤
ሞንታርቦ አከራዩ፣ ከጅማ